ብክለት በሕግ ወንጀል ነው፤ መዝገቡን የሚያከሽፈው የናሙና አያያዛችን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ ስለ ጭስና ስለ ከተማ ቆሻሻ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ “ሕጉ ጥርስ የለውም” በሚል ያበቃል። ይህ አባባል ሥራውን መሥራት ያለበትን ሁሉ ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል። ተቆጣጣሪው በምን ሕግ ልያዘው ይላል፤ ዐቃቤ ሕጉ የተሟላ መዝገብ አልቀረበልኝም ይላል፤ ነዋሪው ደግሞ ማን ይሰማኛል ብሎ ይተወዋል። እኛ ድሬዳዋ ውስጥ በአካባቢ ሕግና በፍሳሽ ምርመራ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። አቋማችን ግልጽ ነው፦ ሕጉ አለ፣ ድክመትም አለበት፤ ነገር ግን አብዛኛው መዝገብ የሚወድቀው ከሕጉ ድክመት በፊት፣ ገና ናሙናው ሲቀዳና የአቤቱታ ቀን ሲቆጠር ነው። ይህን በዝርዝር እንድናስረዳ ቦታ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ይህን መብት ወደ ሥራ ያወረደው ዋናው ሕግ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ከጎኑ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ቆመዋል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ አካባቢን መበከልን በአንቀጽ 519፣ አደገኛ ቆሻሻን በአግባቡ አለመያዝን በአንቀጽ 520፣ የተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገውን ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ መጀመርን በአንቀጽ 521 ወንጀል አድርጓቸዋል። በአንቀጽ 519 መሠረት አግባብ ያለውን ሕግ ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀ ሰው እስከ 10,000 ብር መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ብክለቱ በሰው ጤና፣ በሰው ሕይወት ወይም በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለ ጽኑ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል።

ይህን አንቀጽ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው ሁለት ማሰናከያ ያገኛል። የመጀመሪያው “አግባብ ያለውን ሕግ ተላልፎ” የሚለው ነው። ውኃው ጠቆረ፣ ሸተተ፣ አረፋ ደፈቀ ማለት ብቻውን ወንጀሉን አያቋቁምም፤ የትኛው ደረጃ በስንት እንደተጣሰ በቁጥር መታየት አለበት። ለምሳሌ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ በሀገራችን ሲሠራበት የቆየው ደረጃ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይበልጥ፣ የአሲድነቱ መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ6 እስከ 9 እንዲሆን፣ ቢኦዲ በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም፣ ሲኦዲ ደግሞ ከ150 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚያዝ ነው። ቢኦዲ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስያን በውኃው ውስጥ ያለውን የሚበሰብስ ነገር በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ቀን ሲበሉ የሚጨርሱት የኦክስጅን መጠን ነው፤ ሲኦዲ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ነገር በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው። ሰማያዊ ቀለም ያለው ፍሳሽ ቢኦዲው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ጠርቶ የሚታይ ፍሳሽ ደግሞ ፒኤቹ 12 ሊሆን ይችላል። ዓይን ማመልከቻ ያጽፋል፣ የሚያስፈርደው ግን ልኬቱ ነው።

ሁለተኛው ማሰናከያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። አንቀጽ 519 ቸልተኝነትን አይጠቅስም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ አስቦ ወይም ቢያንስ ጉዳቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ “የመጣው ይምጣ” ብሎ እንደለቀቀ ማስረዳት ይኖርበታል። ፓምፕ ተበላሸብን፣ ሠራተኛው ቫልቩን ረሳው የሚል መከላከያ የሚቀርበው ለዚህ ነው። መልሱ ያለው በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እጅ ነው፦ በጽሑፍ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ። ተቆጣጣሪው ጉድለቱን ዘርዝሮ፣ የሚስተካከልበትን ቀን ወስኖ፣ ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ አስፈርሞ ከሰጠ በኋላ ያው ፍሳሽ በድጋሚ ቢገኝ “አላወቅንም” የሚለው መከላከያ አቅም ያጣል። በቃል የተሰጠ ምክር ግን ለፋብሪካው እፎይታ ነው እንጂ ለመዝገቡ ምንም አይጨምርም። ብዙ ተቆጣጣሪዎች ነገሩን በመግባባት ለመፍታት ብለው ቃል ብቻ ይቀባበላሉ፤ በጎ ሐሳብ ቢሆንም ከዓመት በኋላ የሚነሳውን ክስ ያለ ማስረጃ ያስቀረዋል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካው ራሱ ፍሳሹን እየተከታተለ እንዲመዘግብ ስለሚያስገድድ የፋብሪካው መዝገብም ለዕውቀት ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ ናሙናው እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ነዋሪው ተናዶ ከቦይ የቀዳውን ጥቁር ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ቢሮ ይመጣል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ጠርሙሱ ግን ችሎት አይደርስም። ከየትኛው ቱቦ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ፊት እንደተቀዳ፣ ከዚያም ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደዋለ የሚያስረዳ የለም። ነዋሪው መቅዳት የለበትም፤ ማስመዝገብ ነው ያለበት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሽታውንና ቀለሙን ይጻፍ፤ በስልኩ ፎቶና ቪዲዮ ያንሳ፤ በፎቶው ውስጥ ቦታውን የሚያሳውቅ ነገር፣ ድልድይ ይሁን አጥር ወይም የመብራት ምሰሶ፣ ይግባ። ፍሳሹ የሚለቀቀው በየትኞቹ ቀናትና በየትኛው የሌሊት ሰዓት እንደሆነ ለሁለት ሳምንት የተያዘ ማስታወሻ ለተቆጣጣሪው ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጥበታል፤ መቼ መምጣት እንዳለበት ይነግረዋልና።

መቅዳቱ የተቆጣጣሪው ነው። አዋጅ 300/1995 በአንቀጽ 8 ለአካባቢ ተቆጣጣሪ ትልቅ ሥልጣን ሰጥቶታል፦ ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በማንኛውም ሰዓት ግቢ ይገባል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ያለ ክፍያ ናሙና ይወስዳል፣ ፎቶ ያነሳል። “በማንኛውም ሰዓት” የሚለው ሌሊትንም ይጨምራል። በሥራ ሰዓት ብቻ የሚደረግ ጉብኝት በሥራ ሰዓት ብቻ የሚጣራ ፍሳሽ ነው የሚያገኘው።

ሙቀትና ፒኤች እዚያው ቱቦው አፍ ላይ መለካት አለባቸው፤ ላብራቶሪ ደርሶ የተለካ ፒኤች የላብራቶሪውን ሰዓት እንጂ የቱቦውን አይናገርም። የቢኦዲ ጠርሙስ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞልቶ ተከድኖ በበረዶ ሳጥን ውስጥ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀመጣል፤ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ለምን? በጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በመንገድ ላይም መብላታቸውን አያቆሙም። በድሬዳዋ ሙቀት ያለ በረዶ ግማሽ ቀን መኪና ላይ የዋለ ናሙና ላብራቶሪ ሲደርስ የሚበሰብሰው ነገር ተበልቶ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱ ለበካዩ ጠበቃ ሆኖ ቆመለት ማለት ነው። ለክሮሚየምና ለእርሳስ የሚወሰደው ናሙና ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ካልተጨመረ ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ውጤቱ ከእውነተኛው ያንሳል። ዘይትና ቅባት በፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ የሚቀዳው በመስታወት ጠርሙስ ነው። ለባክቴሪያ ደግሞ የተቀቀለ ንጹሕ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ምርመራው በ6 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር መልካም ነው፣ ከ24 ሰዓት ካለፈ ግን ውጤቱ አያስተማምንም። እነዚህን ሰዓታት ከአዲስ አበባ የ500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጋር አስተያዩአቸው። የባክቴሪያና የቢኦዲ ምርመራ እዚሁ ከተማ ውስጥ መሠራት ያለበት ለምቾት ተብሎ አይደለም፤ ካልተሠራ ማስረጃው በመንገድ ላይ ያልቃል።

ከዚያ የወረቀቱ ሥራ ይመጣል። ናሙናው በፋብሪካው ተወካይ ፊት ለሦስት ይከፈላል፦ አንዱ ለላብራቶሪ፣ አንዱ ለፋብሪካው፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ጠርሙሱ ይታሸጋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ማን ቀዳ፣ ማን ተረከበ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ቅጽ ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ አብሮ ይሄዳል። የተጣራ ውኃ የያዘ አንድ ጠርሙስም አብሮ ደርሶ መመለስ አለበት፤ “ጠርሙሳችሁ ራሱ የቆሸሸ ነበር” የሚለውን ክርክር የሚዘጋው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ናሙና “ያን ሰዓት ብቻ ነው” ተብሎ ስለሚጣል በየሰዓቱ እኩል እኩል እየተቀዳ ለ24 ሰዓት የተጠራቀመ ድብልቅ ናሙና ይሻላል። ዘይትና ፒኤች ግን በድብልቅ አይታዩም፤ ለየብቻ ይለካሉ።

አንድ ማጭበርበሪያ አለ፤ መርማሪዎች ሊያውቁት ይገባል። ፋብሪካው ፍሳሹን ከማጣራት ይልቅ ንጹሕ ውኃ ጨምሮበት ደረጃውን ያሟላ ያስመስለዋል። በሊትር 1,500 ሚሊ ግራም ቢኦዲ ያለው 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ በቀን 150 ኪሎ ግራም የሚበሰብስ ነገር ይለቃል፤ በደረጃው መሠረት ቢጣራ የሚለቀቀው 5 ኪሎ ብቻ ነበር። 30 እጥፍ ውኃ ቢቀላቀልበት በሊትር የሚነበበው ቁጥር ይስተካከላል፣ መሬት ውስጥ የሚገባው ግን ያው 150 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከናሙናው ጋር የፍሳሹ ፍሰት ይለካ። የጉድጓዱ ቆጣሪና የውኃ ሂሳቡ ይቅረብ፤ ከምርቱ መጠን ጋር ይመዛዘን። የመብራት ሂሳቡም ይናገራል፤ አየር የሚያስገባው ነፋሻ ሌሊት ሌሊት ከጠፋ የኃይል ፍጆታው ላይ ይታያል። ዝቃጩስ የት ሄደ? በትክክል የሚሠራ ማጣሪያ ዝቃጭ ያወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ዝቃጭ ያላወጣ ማጣሪያ አልሠራም ወይም ዝቃጩን በሌሊት ደፍቶታል። ዝቃጩ መርዛማ ብረት ካለበት ጉዳዩ ወደ አደገኛ ቆሻሻ አዋጁ ይሻገራል።

ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ በተመለከተ አንድ መከላከያ ተደጋግሞ ይሰማል፦ “ወንዙ ደረቅ ነው፣ የበከልነው ውኃ የለም።” ይህ በሕግም በሳይንስም አያስኬድም። አዋጁ ብክለትን በወንዝ ብቻ አልወሰነውም፤ መሬትም፣ አየርም፣ መጥፎ ሽታም በትርጉሙ ውስጥ ይገባሉ። ደረቅ አሸዋ ላይ የፈሰሰ ፍሳሽ ደግሞ የሚያቀጥነው ውኃ ሳያገኝ እንዳለ ወደ ታች ይሰርጋል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው፤ ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶችም ሆኑ ሌሎቹ ከዚሁ ምድር የሚሞሉ ናቸው። በሌላ በኩል ደረቁ ወቅት ለምርመራ የተመቸ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት በአሸዋው ላይ የሚታይ እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ ዱካውን ተከትሎ ሽቅብ የሄደ ሰው ቱቦው አፍ ላይ ይደርሳል። የክረምቱ ጎርፍ ሲመጣ ግን ከተራራው እስከ ከተማው ያለው ሁሉ ይቀላቀላልና የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። የምርመራ ዘመቻን ለክረምት ማቀድ ገንዘብና ድካም ማባከን ነው።

ለነዋሪው በጣም የሚጠቅመው የአዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በእኔ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ጉዳይ ቀብረዋል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በሌላው ላይ ቀኑና ማኅተሙ ይመታ፣ የገቢ ቁጥሩም ይጻፍ። ያለ ማኅተም 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ ማን ያስረዳል? ኃላፊው “እያየነው ነው፣ ታገሡን” ቢል የ60 ቀኑ ሰዓት አይቆምም። 30ኛው ቀን ካለፈ ማግስት ጀምሮ ቆጠራው ይሮጣል። እዚህ ላይ ተከሳሹን መምረጥም ወሳኝ ነው። በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት አንድ የሰብአዊ መብት ድርጅት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ክሱ ተቀባይነት ሳያገኝ መቅረቱ ይታወቃል። በካዩን ትቶ ተቆጣጣሪውን ብቻ መክሰስ መንገዱን ያጠባል።

ጉዳት የደረሰበት ሰው ደግሞ ሌላ ቀን መቁጠር አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 2143)፤ ጉዳቱ ረዘም ያለ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ካለው ወንጀል የመጣ ከሆነ የወንጀሉ ይርጋ ይሠራል። አንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር በማከማቸት ወይም በጣም አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ዕውቀትና ሐሳብን ማስረዳት የማይቻልበት ጉዳይ በወንጀል ቢወድቅም በዚህ በር ሊገባ ይችላል። ከብቱ የሞተበት ወይም አትክልቱ የደረቀበት ገበሬ ይህን የሚነግረው ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ስለ ቅጣቱ ልክ እንናገር። 10,000 ብር በ1996 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው። 15 ኪሎ ዋት የሚስብ አንድ ነፋሻ ሌት ተቀን ቢሠራ በወር ከ10,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ኪሎ ዋት ሰዓቱን በአንድ ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ማጣሪያውን ለአንድ ወር አጥፍቶ መቀጣት ከማሠራት ይረክሳል። ነገሩ ይበልጥ የሚገርመው አዋጅ 299/1995 ያለ ፈቃድ ፕሮጀክት ለጀመረ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር መቀጮ መደንገጉ ነው። ወረቀት ያላሟላ ሰው ወንዝ ከበከለ ሰው የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የመቀጮውን ቁጥር አይቶ ተስፋ አይቁረጥ፤ የሕጉ ክብደት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ድርጅቱ ራሱ ይከሰሳል፤ የድርጅቱ መቀጣት ደግሞ ውሳኔውን የሰጠውን ኃላፊ ከግል ተጠያቂነት አያድነውም። እስራቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አዋጅ 300/1995 በአንቀጽ 3 በካዩ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ አደጋው ከባድ ከሆነ ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር ይደርሳል። የተበከለ አሸዋና አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ ማጓጓዝና ማከም ከየትኛውም መቀጮ የሚበልጥ ወጪ ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲያዘጋጅ የማጽጃ ወጪ ግምት በባለሙያ አሠርቶ ካላያያዘ ፍርድ ቤቱ ከየት አምጥቶ ይወስናል? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የአካባቢ ወንጀል መመሪያ ለከባዶቹ ወንጀሎች የድርጅት መቀጮ ጣሪያ ከዓመታዊ ሽያጩ ከ5 በመቶ ወይም ከ40 ሚሊዮን ዩሮ እንዳያንስ አድርጓል። ቁጥሩን መቅዳት አያስፈልገንም፤ መቀጮን ከሽያጭ ጋር ማያያዙን ግን ሕግ አውጪዎቻችን ሊያጤኑት ይገባል፤ በብር የተጻፈ ቁጥር በየዓመቱ ይሟሟልና።

አንቀጽ 34 የመንግሥት አስተዳደር አካላትን ከወንጀል ተጠያቂነት ውጭ አድርጓል። ይህ ለድሬዳዋ ትልቅ ትርጉም አለው። የከተማችን የከርሰ ምድር ውኃ ናይትሬት ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፣ ከዚያ ያለፈ ውኃ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ማፍላትም አያስወግደውም፣ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ከዋናዎቹ ምንጮች አንዱ በየግቢው የተቆፈረው የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ነው። እዚህ ላይ የወንጀል ሕግ አቅም የለውም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አባወራ አይከሰስም፣ ማዘጋጃ ቤቱም አይከሰስም። አዋጅ 300/1995 ግን በአንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደሮችን የቆሻሻ አያያዝ ሥርዓት የመዘርጋት ግዴታ አስገብቷቸዋል። ጉዳዩ የበጀትና የፕላን ጥያቄ ነውና በምክር ቤት ይነሳ እንጂ በፖሊስ አይጠበቅ። የመምጠጫ መኪናው የሞላውን ጉድጓድ መጥጦ የት እንደሚደፋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሾፌሩም ባለቤቱም በአንቀጽ 519 የሚጠየቁበት ግልጽ ድርጊት ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግ ለኛ ከተማ ሩቅ አይደለም። የባቡሩና የመኪናው መንገድ ከጅቡቲ በኛ በኩል ያልፋል፤ በነሐሴ 2014 የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠናም እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የባዝል ስምምነት የአደገኛ ቆሻሻ ሕገወጥ ዝውውርን ወንጀል ነው ይላል፤ እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የባማኮ ስምምነት ከዚያም አልፎ አደገኛ ቆሻሻ ከውጭ ወደ አፍሪካ ማስገባትን ከነአካቴው ይከለክላል፣ ወንጀልም ያደርገዋል። ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ናት፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። ከቀረጥ ነጻ መሆን ከባማኮ ነጻ አያደርግም። ይህን ትራንዚተሮችና የጉምሩክ ሠራተኞች እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

በተግባር የሚመጣው ዕቃ “አደገኛ ቆሻሻ” የሚል ጽሑፍ ይዞ አይመጣም። “ያገለገለ ኮምፒውተር”፣ “ያገለገለ ባትሪ”፣ “መለዋወጫ” ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በባዝል ስምምነት ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ ተባለም አልተባለም፣ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ ሀገር አስቀድሞ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃን ከቆሻሻ የሚለየው እያንዳንዱ ዕቃ እንደሚሠራ የሚያሳይ የፍተሻ ወረቀት፣ የሽያጭ ደረሰኝና ዕቃውን ከጉዳት የሚጠብቅ ማሸጊያ መኖሩ ነው። ኮንቴይነሩ ተከፍቶ የተከመረ፣ ስክሪኑ የተሰበረ፣ ገመዱ የተቆረጠ ዕቃ ከታየ ጥያቄው አልቋል። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ ያለቀ ባትሪ በባዝል ዝርዝር በኤ1160 ቁጥር አደገኛ ቆሻሻ ተብሎ ተመዝግቧል። አሲዱ አሸዋ ላይ ተደፍቶ እርሳሱ በየሰፈሩ ሲቀልጥ አቧራው የሚያርፈው ሕፃናት በሚጫወቱበት መሬት ላይ ነው። ሕገወጥ ጭነት ሲያዝ ጥፋቱ የላኪው ከሆነ የላከው ሀገር ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መልሶ መውሰድ አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው ማስታወቂያው ሲደርሰው ስለሆነ ኮንቴይነሩን ለወራት በመጋዘን አስቀምጦ መመካከር መብቱን ያዳክማል፤ በተያዘ በቀናት ውስጥ በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል መጻጻፍ ይጀመር።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሮቦ ኮዋላ ከተባለችው መርከብ ከ500 ሜትር ኩብ በላይ መርዛማ ቆሻሻ አቢጃን ከተማ ውስጥ በየቦታው ተደፋ። ቆሻሻውን የላከው ትራፊጉራ ኩባንያ በኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት የ1 ሚሊዮን ዩሮ መቀጮ ተወሰነበት። እዚያው አቢጃን ቆሻሻውን ተረክቦ ያስደፋው የአገር ውስጥ ተቋራጭ ኃላፊ ግን 20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ደግሞ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት የኮትዲቯር መንግሥት ራሱ የዜጎቹን መብት እንደጣሰ ወሰነ። ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው የአገር ውስጥ ሰው ነው፤ ወኅኒ የሚገባውም እሱ ነው።

ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ስላቋቋመው የሮም ስምምነትና አካባቢን ማጥፋት ዓለም አቀፍ ወንጀል እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ቫኑዋቱ፣ ፊጂና ሳሞአ ስላቀረቡት ሐሳብ ብዙ ይወራል። ኢትዮጵያ የዚያ ፍርድ ቤት አባል አይደለችም፤ ለደቻቱ የሚደርስ ነገር በቅርብ ጊዜ ከዚያ አንጠብቅም።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የአስተዳደሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ የጋራ የናሙና ቅጽ ያውጡ፤ ቅጹ ላይ የሙቀቱ፣ የፒኤቹ፣ የፍሰቱና የርክክቡ ሰዓት ቦታ ይኑረው። ሁለት የበረዶ ሳጥን፣ ሁለት የፒኤች መለኪያ፣ የመስታወትና የተቀቀሉ ጠርሙሶች፣ ናይትሪክ አሲድና ለቢኦዲ የሚሆን በ20 ዲግሪ የሚቆይ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ያለው ሳጥን እዚሁ ከተማ ይሟላ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸውን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች ከነቀናቸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። በአንቀጽ 11 አቤቱታ ማቅረብ ለሚፈልጉ የቀበሌ ነዋሪዎች የአቤቱታ ጽሑፍ በማዘጋጀት በነጻ ለመርዳት ፈቃደኞች ነን፤ ጋዜጣችሁ ቢፈቅድ የአቤቱታውንና የናሙና ቅጹን ረቂቅ በሚቀጥለው ዕትም እንዲወጣ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአካባቢ ሕግና በፍሳሽ ምርመራ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ